አዲሱ የቀኝ እጀታ ሲሽከረከር፣ ነዳጁም አልመለስ ሲል

«ጋሼ፣ ሰላም ነው? ዕቃ አድራሽ ነኝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ በቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል እመላለሳለሁ። የመሪዬ እጀታዎች ስለተላላጡ ወፈር ያሉ አዲስ የእጀታ ጎማዎች ገዛሁ። ጓደኛዬ ሳሙና ቀብቶ አስገባልኝ። ግራው ደህና ነው። ቀኙ ግን ዝናብ ሲነካው በቦታው ይሽከረከራል። ነዳጅ መስጫውን ስለቅም ቶሎ አይመለስም። ደግሞ መንገዱን ሳላጋምስ ቀኝ እጄ ይደነዝዛል። ሱፐር ግሉ ባደርግበት ይሻላል?»

ወንድሜ፣ ሰላም ነኝ። ሱፐር ግሉን ተወው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ። ከጻፍከው ውስጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ነዳጅ ስለቅ ቶሎ አይመለስም ብለሃል። የእጅህ መደንዘዝ ጥቂት ቀን ቢቆይ ችግር የለውም። ይሄ ግን አንድ ቀንም አይቆይም። እስኪስተካከል ድረስ በዚያች ሞተር የእንጦጦን ቁልቁለት አትውረድ። ሥራ ይቀራል ትለኝ ይሆናል። ይቅር።

መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጠዋት ጉም አለ። ከፊትህ የተጫነ ሲኖትራክ አለ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ነዳጅ ትለቃለህ፤ ሞተሩ ራሱ ይዞ ያዘገይሃል። ነዳጁ ካልተመለሰ ግን ሞተሩ ወደፊት እየገፋህ፣ አንተ በፍሬን እየታገልክ ነው መታጠፊያው ውስጥ የምትገባው። አስፋልቱ ርጥብ ከሆነ ደግሞ የፊት ፍሬን ላይ ስትጠነክር የፊት ተሽከርካሪ ጎማው ያመልጥሃል።

ምናልባት መንገድ ላይ እያለህ ቢይዝብህ፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮን ጨብጥ። ሞተሩ ይጮኻል። ይጩህ፣ አትደንግጥ። መሪው ላይ ቀይ ማጥፊያ ካለህ ተጫነው። ከዚያ በሁለቱም ፍሬን እያመጣጠንክ ወደ ዳር ውጣ። ማጥፊያው ከሌለህ በቁልፉ አጥፋ፤ ነገር ግን ሞተሯ እየሄደች ቁልፉን መሪ ወደሚቆልፍበት ቦታ እንዳታደርሰው።

አሁን ምን እንደያዘው እንፈልግ። የግራውና የቀኙ እጀታ መልካቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው ለየቅል ነው። ግራው በቀጥታ መሪው ብረት ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ቀኙ ብረቱን አይነካም። የሚቀመጠው በፕላስቲክ ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው በብረቱ ዙሪያ እየዞረ የነዳጁን ገመድ ይስባል። ስትለቀው የሚመልሰው ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለ ስፕሪንግ ነው። ይህ ስፕሪንግ ትንሽ ነው፤ ጉልበቱም ትንሽ ነው። ቱቦው ወይም ጎማው የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ ከተፋተገ ያሸንፈዋል። ስለዚህ ቀኝ እጀታ ስትገጥም ከሁሉ በፊት የምታስበው ስለ ምቾቱ ወይም ስለ ማማሩ ሳይሆን በነጻነት ስለ መዞሩ ነው።

እንደኔ ግምት ያንተ ችግር ጎማው ከልክ በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። ሳሙና ሲኖረው ሙልጭ ብሎ ይገባል፤ አስገቢውም እስከ መጨረሻው ይገፋዋል። የጎማው ከንፈር፣ ማለትም ውስጠኛው ጠርዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ያሉበትን ሳጥን ከነካ ነዳጁ በተከፈተ ቁጥር ይፋተጋል። በመካከላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። መለኪያ አትፈልግ። የኤቲኤም ካርድህን አውጣና በዙሪያው በሙሉ አሳልፈው። ሳይቸገር ካለፈ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከያዘው ጎማውን ወደ ውጭ ሳበው። በእጅ አልመጣ ካለ ከታች ያለውን የአወጣጥ ዘዴ ተጠቀም።

ሁለተኛው የሚፋተግበት ቦታ ውጭኛው ጫፍ ነው። ጫፉ የተደፈነ ጎማ ገዝተህ ከሆነና እስኪደርስ ከገፋኸው፣ የጎማው ጭንቅላት የመሪውን ብረት ጫፍ ይጫናል። ይህም ፍትጊያ ነው። መሪው ጫፍ ላይ በብሎን የሚታሰር ክብደት ካለህም እንዲሁ፤ ክብደቱ ሲጠብቅ ጎማውን መጫን የለበትም። የእጅ መከላከያ ያስገጠሙ ልጆች ላይ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። መከላከያው ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ባለቤቱ ግን ገመዱን ይወቅሳል። ለብርድ ብለህ መሪው ላይ የምታለብሰው ወፍራም የጨርቅ መሸፈኛም እጀታውን ጠምዝዞ ሊይዝ ይችላል። የእኛ ሰፈር ጠዋት ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ስለሆነ መሸፈኛውን አውልቅ አልልህም። ስታለብሰው ግን ነዳጁን ከፍተህ ልቀቀውና እይ።

ሁለቱም ካልሆኑ ወደ ገመዱ እንሄዳለን። ሳጥኑን ፈትተህ ገመዱን ከቱቦው አላቀው። ቱቦውን ብቻውን በጣትህ አዙረው። ያለ ምንም ጉልበት መዞር አለበት። እሱ ከዞረ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ታጥፏል፣ ዝጓል፣ ወይም ውስጡ ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል። ክሩ የተበጣጠሰ ገመድ አይጠገንም፤ ቀይረው። ቱቦው ራሱ ከከበደ ደግሞ አውጣውና የቱቦውን ውስጥና የመሪውን ብረት በንጹህ ጨርቅ ጥረግ። ብረቱ ዝገት ካለው በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። እዚያ ውስጥ ግራሶ በብዛት አትሙላ። የሱሉልታ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲለወስ ሊጥ ይሆንና በበጋው መሃል እንደገና ይይዝብሃል።

ወደ መሽከርከሩ ልምጣ። ሳሙና ለማስገባት ደህና ይመስላል፤ ይደርቃልም። ግን አይጠፋም። ከጎማው ሥር ይቀመጥና ዝናብ ሲነካው ተመልሶ ይንሸራተታል። አንተ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የግራው እስካሁን ደህና የሆነው ስለማይዞር ነው። ቀኙን ቀኑን ሙሉ ትጠመዝዘዋለህ። ክረምቱ ሲጠነክር ግራውም ይከተላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አውጣና እንደ አዲስ ግጠም።

ስታወጣ በካተር አትቁረጠው፤ ጎማዎቹ ገና አዲስ ናቸው። በቀኝ በኩል ደግሞ ካተሩ ፕላስቲኩን ቱቦ ይሰነጥቀዋል። ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ውሰድ። ስለቱ ጎማውን እንዳይቀደው ጫፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው። ከውጭኛው ጫፍ በጎማውና በቱቦው መሃል ቀስ ብለህ አስገባና ትንሽ ፈልቅቀው። በተከፈተው በኩል አልኮል አፍስስ። እጀታውን እየጠመዘዝክ ሳበው። አጠገብህ ጎሚስታ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ የኮምፕሬሰሩን አፍ በጎማው ከንፈር ሥር አስገብቶ ነፋስ ሲለቅበት ጎማው ተነፍቶ ይንሸራተታል። ያኔ ፊትህን ከጫፉ ፊት ለፊት አታድርግ።

ከወጣ በኋላ ሁሉንም እጠብ። የጎማውን ውስጥ፣ ቱቦውን፣ የግራውን ብረት። በሞቀ ውሃ አጥበህ አድርቅ፤ ቀጥለህ በአልኮል ጥረግ። ፈሳሽ አልኮል ይሁን። ዝልግልግ የሚለው የእጅ ሳኒታይዘር ማወፈሪያና ማለስለሻ ስላለው ቅባት ያስቀራል። ቤንዚንም ይቅር። ጎማን ያሳብጠዋል፤ እሳቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ጎማው ልክህ መሆኑን አረጋግጥ። የአብዛኛው ሞተር መሪ ውፍረቱ 22 ሚሊሜትር ነው። ቱቦው ከላዩ ስለሚለበስ የቀኙ የበለጠ ይወፍራል፤ ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊሜትር አካባቢ። ስለዚህ ትክክለኛ የሞተር እጀታ ጥንድ ሲሆን አንዱ ቀዳዳ ሰፋ ይላል። ሁለቱም እኩል ከሆኑ የብስክሌት ጎማ ነው የሸጡልህ። ሙከራው እንዲህ ነው። ሁሉም ደረቅ እያለ ቀኙን ጎማ ቱቦው ላይ ለማስገባት ሞክር። እምቢ ብሎ ግማሽ ላይ ከቆመ ልክ ነው። ደረቁን ሰተት ብሎ ከገባ ግን ጎማው ሰፊ ነው። በምንም ማጣበቂያ አታስተካክለውም፤ መልስና ሌላ አምጣ። ከሥሩ የመብራት ፕላስተር ጠቅልለው የሚያወፍሩ አሉ። ፀሐይ ሲያገኘው የፕላስተሩ ሙጫ ይቀልጣል፣ ጎማውም አብሮ ይዞራል።

አንድ ሌላ ነገር እይ። አንዳንድ ቱቦ ላዩ ላይ የተነሱ መስመሮች ወይም ጉብታዎች አሉት። ለፋብሪካው ጎማ የተሠሩ ናቸው። አዲሱ ጎማ ውስጡ ልሙጥ ከሆነ በጉብታዎቹ ላይ ወጥሮ ይቀመጣል፣ ሌላው ቦታ ግን ክፍት ይሆናል። እንዲህ ያለው እጀታ የያዘ ይመስልና ይዞራል። ጉብታዎቹን በደቃቅ ሞረድ ዝቅ አድርጋቸው። የቱቦውን አካል ግን እንዳታሳሳው። አንዳንዱ ኦሪጅናል ቀኝ እጀታ ደግሞ ከቱቦው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። እሱ አይላቀቅም፤ አዲስ ቱቦ ለብቻው መግዛት ግድ ነው።

ማጣበቂያው ላይ ደረስን። ሱፐር ግሉ በሦስት ነገር አይሆንም። ጎማው መንገድ ላይ እያለ ይደርቅና ግማሽ ላይ ያስቀርሃል። ሲደርቅ ድርቅ ያለና ተሰባሪ ነው፤ ጎማ ደግሞ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ትንሽ በትንሽ ይሰነጠቃል። ከሁሉም የሚከፋው ቀጭን ፈሳሽ መሆኑ ነው። ከቱቦው ጫፍ ሾልኮ ወደ ብረቱ ከገባ ነዳጁን ራሱን ከመሪው ጋር ያጣብቀዋል። ለዚህ ነው ገና ከመጀመሪያው ተወው ያልኩህ።

የሚሻለው ለእጀታ ተብሎ የሚሸጥ ማጣበቂያ ነው። መርካቶ የሞተር ዕቃ ሱቆች ጠይቅ። ርጥብ እያለ ያንሸራትታል፤ ጎማውን አስገብተህ ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። ካጣህ የጸጉር ስፕሬይ ይሠራል። ርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ግን እንደኛ ዝናብ በሚበዛበት አገር ለቀኝ እጀታ እሱን ብቻ አላምነውም። ከላዩ ሽቦ እጨምርበታለሁ። የጫማ ሠሪ ማስቲሽም አለ። ይይዛል፣ አልዋሽህም። ችግሩ እንደነካ ነው የሚይዘው፤ ጠማማ ከገባ ጠማማ ይቀራል።

ሰዓቱን ምረጥ። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሁን። ጎማዎቹን ለጥቂት ደቂቃ በሞቀ ውሃ ነክረህ አድርቃቸው፤ ይለሰልሳሉ። የቱቦውን ውስጠኛ ጫፍ፣ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን፣ ማጣበቂያ አታስነካው። ከዚያ በኋላ ያለውን ስስ አድርገህ ቀባ፤ የጎማውንም ውስጥ ትንሽ። ከዚያ ሳታመነታ በአንድ ትንፋሽ እየጠመዘዝክ አስገባ። የኤቲኤም ካርዱን ክፍተት አስተካክል። ጎማው ላይ ሽቦ የሚታሰርበት ቀጭን ቦይ ካለ ቦታውን እይ። የተረፈውን ማጣበቂያ ሳይደርቅ በጨርቅ ጥረግ። ሞተሯን ቤት ውስጥ አሳድራት፤ እስከ ነገ በዚያው ሰዓት አትንካት። ብርድ ማጣበቂያን ያዘገየዋል። የሱሉልታ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ታውቀዋለህ።

ሽቦው እንዲህ ይታሰራል። ቀጭን የማይዝግ ሽቦ፣ 0.8 ሚሊሜትር አካባቢ፣ በጎማው ቦይ ዙሪያ ጠምጥም። ጫፎቹን በፒንሳ ጠምዝዘህ አጥብቅ። ትርፉን ቆርጠህ ጫፉን ወደ ጎማው ውስጥ እጠፈው። የተጠመዘዘው ቦታ ከመዳፍህ የሚርቅበት ይሁን፤ በጣቶችህ መሃል ሳይሆን ከፊት ወደ ታች። አለበለዚያ ጓንትህን ይቀዳል፣ ቀጥሎ እጅህን። ጎማው ቦይ ከሌለው ሽቦ አትሰር፤ እየቆረጠ ይገባል።

በብሎን የሚታሰር እጀታም ገበያ ላይ አለ። ሙጫ አይፈልግም። ለግራው እወደዋለሁ። ለቀኙ ሲሆን ብሎኑን ከመጠን በላይ ካጠበቅከው ቱቦውን ጨፍልቆ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። በእጅ ልክ አጥብቅ፣ ነዳጁን ሞክር፣ እንደገና ትንሽ አጥብቅ፣ እንደገና ሞክር። የሚሞቅ እጀታ ደግሞ ለዚህች ሞተር አልመክርህም። ብዙዎቹ ጥንዱ ከ30 ዋት በላይ ይበላል፤ ፍጥነት በማይኖርበት ከተማ ውስጥ ባትሪህን ያደክመዋል። ገንዘቡን ጥሩ ጓንት ላይ አውለው።

ከደረቀ በኋላ ወደ ሙከራው። ይህን አትዝለል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ክፈትና እጅህን አንሳ። ቀጭ ብሎ በራሱ መመለስ አለበት። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዙረህ ድገም። ወደ ቀኝም አዙረህ ድገም። በአንዱ በኩል እንኳ ከዘገየ አልተስተካከለም።

ቀጥለህ የነዳጁን ልቅነት ለካ። እጀታውን ቀስ ብለህ ስታዞር ገመዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ባዶ መንገድ አለ። በጎማው ከንፈር ላይ ሲለካ ለብዙ ሞተሮች ከ2 እስከ 6 ሚሊሜትር ነው። ካነሰ ወይም ከበዛ ገመዱ ላይ ያለውን ማስተካከያ ተጠቀም። መቆለፊያ ዳዶውን ላላ አድርግ፣ ማስተካከያውን አዙር፣ ዳዶውን መልሰህ ቆልፍ። አሁን ሞተሩን አስነሣ። ማርሽ ሳይገባ ፎሌ ላይ ይሁን፤ ይሙቅ። ነዳጅ ሳትሰጠው በሚኒሞ እየሠራ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙር። ድምፁ መለወጥ የለበትም። ወደ አንድ ጎን ስታዞር ሞተሩ ከጮኸ ገመዱ ተወጥሯል ወይም በተሳሳተ ቦታ አልፏል። እንዲህ ያለ ሞተር ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞር ራሱ ነዳጅ ይሰጥብሃል።

ወፍራም ጎማ ሌላም ነገር ይለውጣል። በፍሬኑ እጀታና በጎማው መሃል ያለው ቦታ ይጠባል። የፊት ፍሬኑን ባለህ ጉልበት ጨብጥ። ጎማውን ወይም ጣትህን ከነካ በቂ ፍሬን የለህም ማለት ነው። የፊት ፍሬንህ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ማጥበቂያው ላይ አስተካክለው። ፍሪሲዮኑንም እንዲሁ ሞክር፤ ሙሉ በሙሉ ስትጨብጠው ማርሹ በደንብ ይላቀቅ።

የመደንዘዙ ነገር። እኔ እንደማስበው ዋናው ምክንያት ይኸው የሚሽከረከር ጎማ ነው። ሲያመልጥህ ሳታውቀው ጭምቅ አድርገህ ትይዛለህ። አንድ ሲሊንደር ያለው ሞተር ደግሞ ይነዝራል። ጭብጡ በጠነከረ ቁጥር ንዝረቱ ወደ እጅህ በደንብ ይገባል። ጎማው በቦታው ከጸና በኋላ ጥቂት ቀን ነድተህ እይ። ብዙው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ካልቀነሰ የፍሬንና የፍሪሲዮኑን እጀታዎች አቅጣጫ እይ። ሞተሯ ላይ እንደወትሮህ ተቀመጥ። ጣቶችህን እጀታዎቹ ላይ ዘርጋ። ከክርንህ እስከ ጣትህ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጥሩ ነው። የእጅ አንጓህ ወደ ላይ ከታጠፈ ነርቩ ይጨቆናል። የያዘውን ብሎን ላላ አድርገህ እጀታውን ትንሽ ወደ ታች አዙረው። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ግን ሞተሩን ከገዛ ጀምሮ አይነካውም። የመሪውን ማሰሪያ ብሎኖችና ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚይዙትንም አጥብቅ። የመሪው ጫፍ ክብደቶች ወድቀው ከሆነ መልሳቸው። የተሠሩት ንዝረት እንዲያረግቡ ነው፤ ስትወድቅም ክፍት ብረት ጫፍ እንዳይወጋህ ይረዳሉ።

ደግሞ የእጅህን መጠን ከጎማው ጋር አስተያይ። ስትጨብጠው የጣቶችህ ጫፍ ወደ መዳፍህ ሥር ሊደርስ ምንም ካልቀረው ወይም ትንሽ ካነሰ ተስማምቶሃል። ሰፊ ክፍተት ከቀረ ጎማው ወፍሮብሃል፤ ክንድህ ሳታውቀው ይደክማል። ወፍራም ሁሉ ምቹ አይደለም። ትንሽ እጅ ላለው ሰው ቀጭን፣ ለስላሳ ጎማ ይሻለዋል።

ከሞተር ወርደህ ሰዓታት ካለፉ በኋላም እጅህ ከደነዘዘ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰህ፣ ወይም በብርድ ጣቶችህ ነጭ ከሆኑ፣ ያ የእኔ ሥራ አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሞተረኛ መሆንህንም ለሐኪሙ ንገረው። ንዝረትና ብርድ አብረው ለረጅም ጊዜ ሲቆዩ የጣትን ነርቭና ደም ሥር ይጎዳሉ።

ጎማው ልክህ ሳይሆን ቀርቶ ሌላ መግዛት ካስፈለገህ ቱቦውን ፈትተህ ይዘኸው ሂድ። ሱቁ ውስጥ ደረቁን ሞክረው። ጎማውን በጥፍርህ ጫን አድርግ፤ ወዲያው ቦታው መመለስ አለበት። እጅህ ላይ ጥቁር ቀለም ከተወ ወይም ገና ከላስቲኩ ሲወጣ የሚያጣብቅ ከሆነ መልስለት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይባስ ይቀልጣል። ሞተሯን ግን እቤት ተዋት፤ ለዛሬ በታክሲ ውረድ።